በውኃ ጠርሙስ ውስጥ ውኃ ብቻ ይሁን

አዋሽ ሰባት ኪሎ፣ ከአስፋልቱ ዳር፣ ከቆርቆሮ ጥላ ሥር አንዲት ጠረጴዛ አለች። በቅርቡ ወደ ሰመራ ስወርድ እዚያ ቆመን ነበር። ጠረጴዛዋ ላይ አምስት ሃይላንድ ተደርድሯል። ሁለቱ ከበረዶ ሣጥን የወጡ ቀዝቃዛ ውኃ ናቸው፤ ላባቸው ይንጠባጠባል። ሦስተኛው አረንጓዴ ነው፤ ኩላንት። አራተኛው ወደ ቢጫ የሚያደላ ቤንዚን። አምስተኛው እንደ ውኃው ጥርት ያለ፣ በፀሐይ የሚያበራ ቲነር። አምስቱም አንድ ዓይነት ጠርሙስ፣ አምስቱም አንድ ዓይነት ሰማያዊ ክዳን። የውኃ ፋብሪካው ወረቀት ከአንዱም አልተላጠም። ቲነሩ ላይ የሚነበበው ብቸኛ ጽሑፍ «የተፈጥሮ ውኃ» የሚል ነበር።

«እትዬ፣ እንዴት ነው የሚለዩአቸው?» አልኳቸው ባለቤቲቱን።

«በጠረኑ ነዋ ልጄ! ስንት ዓመት ሸጬዋለሁ፤ እኔ አልሳሳትም።»

እውነታቸውን ነው፤ እሳቸው አይሳሳቱም። የሚሳሳተው ከጠረጴዛዋ ሥር ተቀምጦ በባዶ ክዳን ሲጫወት የነበረው፣ ሦስት ዓመት የማይሞላው የልጅ ልጃቸው ነው። የሚሳሳተው ከገጠር መጥቶ ያደረ እንግዳ ነው። የሚሳሳተው መብራት በጠፋበት ሌሊት ጉሮሮው ደርቆ የነቃ ሰው ነው።

ከአዋሽ ሰባት እስከ ሰመራ ባለው መንገድ የምትኖሩ፣ የምትነግዱ፣ የምትነዱ ወገኖቼ፣ ይህን ደወል የምደውለው ለናንተ ነው። ኩላንት፣ ቲነር፣ ቤንዚን፣ ነጭ ጋዝና የባትሪ አሲድ በውኃ ጠርሙስ መሸጥም ማስቀመጥም ዛሬውኑ መቆም አለበት። ሳይቃጠል በቅጠል ይሏል አበው።

ይህ ልማድ ደጋም ቆላም አለ። አዲስ አበባም፣ ደሴም፣ ጎንደርም ቤንዚን በሃይላንድ ሲሸጥ ያላየ የለም። አፋር ላይ ግን አደጋው እጥፍ ድርብ ይሆናል። ሰመራ በሰኔና በሐምሌ ከ40 ዲግሪ በላይ ውላ ታመሻለች። በዚያ ሐሩር ሰው እጁን ወደ ሃይላንድ ሲዘረጋ አያሰላስልም፤ ጉሮሮው ከዓይኑ ቀድሞ ይወስናል። የጠማው ሰው ደግሞ ቀምሶ አይጠጣም። አንገቱን ወደ ኋላ ጥሎ ያንቆረቁራል፤ ምላሱ «ይሄ ውኃ አይደለም» እስኪል ድረስ ሁለት ሦስት ጉንጭ ወርዷል። በዚያ ላይ የአገሩ ደንብ አለ። በረሃ ላይ ውኃ የጠየቀ አይከለከልም፤ ውኃ የተሰጠውም አይጠረጥርም።

እኔም ለጥቂት ተርፌያለሁ። ሚሌን አልፈን አመሻሹ ላይ፣ ጋቢና ውስጥ ከሾፌሩ መቀመጫ ጀርባ የነበረ ሃይላንድ አንስቼ ክዳኑን ስከፍት ረዳቱ ከእንቅልፉ ብንን ብሎ እጄን ያዘኝ። «ጋሼ፣ እሱ አይደለም! የራዲያቶሩ ነው!» አለኝ። ሲመሽ አረንጓዴው ቀለም ጠፍቶ ጥቁር ውኃ መስሎ ነበር። ልጁ ባይነቃ ኖሮ እጠጣው ነበር። ጣፋጭ ስለሆነ ደግሞ ምናልባት ደግሜ እጎነጭ ነበር።

ፈሳሹ ከዚያች ጠረጴዛ ላይ እንዴት እንደደረሰ መንገዱን ተከትለን እንየው፤ ጥፋቱ ያለው መንገዱ ላይ ነውና። አገራችን ከውጭ ከምታስገባው ዕቃ ከ90 በመቶ በላዩ የሚያልፈው በጅቡቲ ነው። የቲነር ጥሬ ዕቃ የሆኑት ቶሉይን፣ ዛይሊን፣ አሴቶንና ሜታኖል፣ የኩላንቱም ኢትሊን ግላይኮል በዚያው በር ይገባሉ። በ200 ሊትር በርሜል ወይም በቦቴ ሆነው ጋላፊን ይሻገራሉ። ሰመራንና ሎግያን፣ ሚሌን፣ ገዋኔን፣ አዋሽ አርባን እያለፉ ወደ ደጋው ይወጣሉ። በዚህ ጊዜ ስም አላቸው። በርሜሉ ላይ የኬሚካሉ ስም፣ የእሳት ነበልባል ወይም የራስ ቅል ምልክት፣ የአምራቹ አድራሻ፣ የነካው ሰው ምን ማድረግ እንዳለበት የሚገልጽ ጽሑፍ ተለጥፏል።

አዲስ አበባ ሲደርሱ ይከፋፈላሉ። ከፊሉ ለቀለም ፋብሪካ፣ ከፊሉ ለጫማ ማጣበቂያ፣ ከፊሉ ለእንጨት ቫርኒሽ፣ ከፊሉ ለመኪና። ትልቁ ገዢ በርሜሉን እንደታሸገ ይወስዳል። ትንሹ ነጋዴ ግን የበርሜል ዋጋ ከየት ያመጣል? ሃያ ሊትር በጄሪካን ያስቀዳል። ጄሪካኑ የዘይት ወይም የሳሙና ነበር። እሱ ተጭኖ፣ ያው ፈሳሽ በመጣበት መንገድ ወደ ቆላ ይመለሳል። አዋሽና ሎግያ ላይ ደግሞ ገዢው ሃያ ሊትር አይፈልግም። በር የሚቀባው ግማሽ ሊትር ቲነር፣ ራዲያቶሩ የጎደለበት አንድ ሊትር ኩላንት፣ ባለ ባጃጁ ሁለት ሊትር ቤንዚን ነው የሚበቃው። ስለዚህ ከጄሪካን ወደ ሃይላንድ ይገለበጣል። በጋላፊ በኩል ሲያልፍ ስሙን፣ ጠባዩንና ማርከሻውን በጀርባው ተሸክሞ የነበረ መርዝ፣ በዚያው መንገድ ሲመለስ የቀረው የሻጭ አፍ ብቻ ነው።

በዚህ ሰንሰለት ውስጥ ክፉ ሰው ፈልጌ አላገኘሁም። አስመጪው አሽጎ ሸጧል፤ ቸርቻሪዋ ልጆቿን ታሳድጋለች፤ ገዢው አቅሙ በፈቀደው ልክ ገዝቷል። ሆኖም እያንዳንዱ ሲገለብጥ ፈሳሹን አስተላልፎ ማስጠንቀቂያውን ባዶው ዕቃ ላይ ጥሎት ይሄዳል። ሕፃን የሚገድለው ይህ ነው።

ኩላንትን አስቀድማለሁ፤ ብዙ ሰው የሚንቀው እሱን ነውና። «ለመኪና ውኃ የሚጨመር ቀለም» አድርጎ የሚያስበው ስንቱ ነው! ኢትሊን ግላይኮል የሚባለው ዋና ንጥረ ነገሩ በዓለም ላይ በዓመት በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠር ቶን ይመረታል። ከቀይ ባሕር ማዶ ያለችው ሳውዲ ዓረቢያ ከዋነኞቹ አምራቾች አንዷ ናት። አብዛኛው ምርት ለመኪና አይውልም። ለፖሊስተር ጨርቅና ለፕላስቲክ ጠርሙስ መሥሪያ ይሄዳል፤ ሃይላንዱ ራሱ ከሚሠራባቸው ሁለት ነገሮች አንዱ ይኸው ነው። በፕላስቲኩ ውስጥ ታስሮ ሲኖር አይጎዳም። ፈሳሽ ሆኖ ሲጠጣ ግን ሌላ ነው።

ጣዕሙ ጣፋጭ ነው። ሽታ የለውም ማለት ይቻላል። አረንጓዴ፣ ቀይ ወይም ሰማያዊ ቀለም ስለሚጨመርበት ለልጅ ዓይን ከጁስ አይለይም። የሚገርመው፣ እንደ ቤንዚንና ሜታኖል በቀላሉ ስለማይቀጣጠል በዓለም አቀፉ የአደገኛ ጭነት ሕግ የማጓጓዣ ቁጥር እንኳ አልተሰጠውም። አሥር ኪሎ የሚመዝን ሕፃን አንድ የሾርባ ማንኪያ ያህል ያልተበረዘ ኢትሊን ግላይኮል ቢጠጣ ሕይወቱ አደጋ ላይ ነው። አንድ ሃይላንድ ክዳን ሞልቶ ሁለት ሦስቴ ማለት ነው፤ ያ ልጅ የሚጫወትበት ክዳን።

ከሁሉ የሚከፋው አካሄዱ ነው። የጠጣ ሰው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት የሰከረ ይመስላል፤ ይንገዳገዳል፣ ያቅለሸልሸዋል፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ይለዋል። ቤተሰብ «ሙቀት መትቶት ነው» ብሎ ያስተኛዋል፤ በአፋር ሙቀት ማን ይፈርድበታል? ጉበት ግን ያን ጊዜ ሥራ ላይ ነው። የጠጣውን ወደ አሲድ ይለውጠዋል፤ ትንፋሹ ይፈጥናል፣ ልቡ ይደክማል። ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ኦክሳሊክ አሲድ ከደም ካልሲየም ጋር ተጣምሮ እንደ መርፌ የሾሉ ክሪስታሎች ይሆንና ኩላሊትን ይደፍናል። ሽንት ይቆማል። ያኔ የኩላሊት እጥበት ያስፈልጋል። እጥበቱ ያለው በትልልቅ ከተሞች ነው፤ ከሰመራ አዲስ አበባ ደግሞ ወደ 600 ኪሎ ሜትር ነው።

ቲነር አንድ ነገር አይደለም፤ የብዙ አሟሚዎች ድብልቅ ነው፤ ቀማሚው ባገኘውና በረከሰለት ይቀምመዋል። ከሚገቡበት አንዱ ሜታኖል ሊሆን ይችላል። ሜታኖል የአልኮል ወንድም ነው፤ በመልክም በጠረንም ከሚጠጣው ኢታኖል ጋር ይምታታል። በጎረቤታችን መተሐራ ከስኳር ሞላሰስ የሚወጣው ኢታኖል ለነዳጅ ማደባለቂያና ለእጅ ማጽጃ የዋለ ነው። ሜታኖል ግን ከተፈጥሮ ጋዝና ከድንጋይ ከሰል የሚሠራ የፋብሪካ ዕቃ ነው፤ በዓለም ገበያም ብዙውን ጊዜ ከኢታኖል ይረክሳል። አረቄ የሚበርዙ ስግብግቦችን የሚስባቸው ይኸው ርካሽነቱ ነው። በግንቦት 2014 እ.ኤ.አ. ኬንያ ውስጥ ሜታኖል የገባበት መጠጥ በጥቂት ቀናት ከ80 በላይ ሰው ጨረሰ። ከሞት የተረፉት ብዙዎች ዓይናቸው ጠፋ። ሜታኖል በጉበት ፎርሚክ አሲድ ሆኖ የዓይንን ነርቭ ያቃጥላልና። እሱም እንደ ኩላንቱ ይዘገያል፤ ከጠጡት በኋላ ግማሽ ቀን ወይም አንድ ቀን ሙሉ ምንም ላይመስል ይችላል። «ዓይኔ ላይ ጭጋግ መጣብኝ፣ ነጭ ነገር ሸፈነኝ» ያለ ሰው ካጋጠማችሁ አንድ ደቂቃ አታባክኑ።

ስለ ቤንዚን ረጅም አላወራም፤ አደጋውን ሁሉም ያውቀዋል ብዬ አስባለሁ፤ ሁለት ነገር ግን መናገር አለብኝ። አንደኛው የረዳቶች ልማድ ነው። ጎማ ቱቦ ታንከር ውስጥ ከትቶ በአፍ መሳብ። ቤንዚን ወደ ሆድ ቢወርድ ይሻላል፤ ገዳዩ ትን ብሎ ወደ ሳንባ የገባው ነው፤ ትንሽ ጉንጭ እንኳ ሳንባን አቁስላ ትንፋሽ ታሳጥራለች። በእጅ የሚጨመቅ ፓምፕ ያለው ቱቦ አለ፤ ለረዳቱ የሚገዛለት ባለ መኪና ያስፈልጋል። ሁለተኛው ከሰሉ ነው። የቤንዚንም የቲነርም እንፋሎት ከአየር ይከብዳል፤ ወደ ላይ ተኖ አይጠፋም፤ እንደ ውኃ መሬት ለመሬት ይሄዳል። ክዳኑ የላላ ሃይላንድ በሙቀት ይነፋል፣ ያፈሳል፤ እንፋሎቱ ከአልጋ ሥር ተነሥቶ ጀበና ወደተጣደበት ከሰል ይደርሳል። ቡና አፍልተው ሲያጫውቱ የነበሩ ሰዎች ቤት «እንዲሁ ተነሥቶ» ተቃጠለ ሲባል የምንሰማው አንዳንዱ እንዲህ ነው።

የስም መጥፋት ያመጣው ጥፋት እኛ አገር የተጀመረ አይደለም፤ ትልልቅ አገሮችም በእርሱ አልቅሰዋል። በ1937 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ አንድ ኩባንያ የመድኃኒት ዱቄት በዲኢትሊን ግላይኮል አሟሙቶ የእንጆሪ ጣዕም ጨምሮበት ሸጠ። ዲኢትሊን ግላይኮል ከኩላንቱ ጋር ከአንድ ማምረቻ የሚወጣ የሥጋ ዘመዱ ነው። ከመቶ በላይ ሰው ሞተ፤ ከሦስት አንዱ ያህል ሕፃናት ነበሩ። ፓናማ ላይ ደግሞ ይኸው ፈሳሽ በ46 በርሜል ተሞልቶ ከቻይና ተነሥቶ በስፔን አድርጎ መጣ። ከነጋዴ ወደ ነጋዴ ሲያልፍ በየጊዜው ወረቀቱ ተቀየረ፤ በመጨረሻ «ንጹሕ ግሊሰሪን» ሆኖ ለመንግሥት የሳል ሽሮፕ ዋለ። በ2006 እ.ኤ.አ. ከመቶ በላይ ሰው አለቀ። ገና ትናንት፣ በጥቅምት 2022 እ.ኤ.አ.፣ የዓለም ጤና ድርጅት በጋምቢያ ስለተሸጡ የሕፃናት ሽሮፖች ማስጠንቀቂያ አወጣ፤ ከ60 በላይ ሕፃናት ኩላሊታቸው ተደፍኖ ሞተዋል። በዚያው ዓመት ኢንዶኔዢያ ከ200 በላይ ልጆች አጣች። እዚያ አንድ የኬሚካል ነጋዴ የፋብሪካ ግላይኮል ሞልቶ የታወቀ ኩባንያ መለያ የለጠፈበት በርሜል ነበር የሽያጭ ሰንሰለቱ ውስጥ የገባው።

እነዚያ ቦታዎች ላይ የውሸት መለያ ገደለ። እኛ ጋ መለያ ማጣት ነው። ኩላሊት ለሁለቱም ልዩነት አያደርግም።

ሌላም አለ፤ ሰማያዊው በርሜል። አፋር ከተሞች ውስጥ ውኃ ሲመጣ የሚጠራቀምበት እሱ ነው፤ ከየቤቱ ደጃፍ ቆሟል። አዲስ ሲገዛ ውድ ነው፤ አሮጌው ይረክሳል። አሮጌው ግን ምን ይዞ ነበር? ፕላስቲክ እንደ ብረት አይደለም፤ አሟሚ ፈሳሽ ሰርጎ ይገባበታል። በኦሞም በአሸዋም ብታጥቡት ከላይ ያለው ይለቃል እንጂ የሰረገው አይወጣም፤ በሐሩር ሲግል ተመልሶ ወደ ውኃው ይወርዳል። ስለዚህ አሮጌ በርሜል ስትገዙ ገልብጡት፣ አዙሩት፣ የወረቀት ቅሪት ፈልጉ። የሠያፍ አራት ማዕዘን ምልክት ካለበት፣ ወይም ባለ አራት አሃዝ ቁጥር ካያችሁበት ለውኃ አይሆንም። 1230 ሜታኖል ነው። 1294 ቶሉይን። 1090 አሴቶን። 1263 ቀለምና ቲነር። 1203 ቤንዚን። እነዚሁ ቁጥሮች በቦቴዎች ጀርባ በብርቱካናማ ሰሌዳ ላይ ተጽፈው ሲያልፉ አይታችኋል። ወረቀቱ ሙሉ በሙሉ የተላጠ በርሜል ከሆነ ደግሞ ይብሱን ተጠራጠሩ፤ ከመሬት ተነሥቶ ወረቀት የሚልጥ ነጋዴ የለም። ዘይት ወይም ምግብ የነበረበትን ጠይቃችሁ ግዙ።

ቦቴ ካነሣሁ አይቀር፣ የተገለበጠ ቦቴ ያየ ሰው ጄሪካን ይዞ አይሩጥ። ነሐሴ 2019 እ.ኤ.አ. ሞሮጎሮ፣ ታንዛኒያ ውስጥ የተገለበጠ ቦቴ ቤንዚን ሊቀዱ የተሰበሰቡ ከመቶ በላይ ሰዎች በአንድ ብልጭታ አልቀዋል። የጅቡቲ መንገድም ቦቴ የሚበዛበት፣ ሌሊት የሚነዳበት መንገድ ነው።

አሁን አደጋው ደርሶ ቢሆንስ? እዚህ ላይ እባካችሁ በርጋታ አንብቡኝ፤ ብዙ ደግ እናቶች በፍቅር የሚሳሳቱት እዚህ ነው። ልጅ ቤንዚን፣ ነጭ ጋዝ ወይም ቲነር ጠጣ ሲባል የሠፈሩ ሰው ወተት ይዞ ይሮጣል፤ ሌላው ጣቱን ጉሮሮው ውስጥ ከቶ ሊያስመልሰው ይታገላል። ሁለቱንም አታድርጉ። ሲያስመልሰው ነው ፈሳሹ ወደ ሳንባው የሚገባው፤ ወተቱም ማስመለስን ይጠራል። አፉን ጥረጉለት፣ የራሰ ልብሱን አውልቁለት፣ ቆዳውን በውኃና በሳሙና እጠቡት፣ ንጹሕ አየር ወዳለበት አውጡትና ወደ ጤና ተቋም ሩጡ። ዓይኑ ውስጥ ከገባ ለሩብ ሰዓት ያህል በንጹሕ ውኃ ሳታቋርጡ አፍስሱበት። በረሃ ላይ ውኃ ውድ ነው፤ ለዚህ ግን አይቆጠብም። ኩላንት ወይም ሜታኖል ከሆነ ልጁ ደህና ቢመስልም፣ ቢስቅም፣ ቢጫወትም ውሰዱት። ጠርሙሱንም ይዛችሁ ሂዱ። ዱብቲ ሆስፒታልም ሆነ ሌላ ቦታ ያለው ሐኪም የሚጠይቃችሁ የመጀመሪያ ጥያቄ «ምን ጠጣ?» ነው። መልሱ ያለው ጠርሙሱ ውስጥ ነው።

ለሁለቱ መርዞች፣ ለኩላንቱም ለሜታኖሉም፣ ማርከሻው አንድ ነው። ጉበት ፈሳሹን ወደ አሲድ እንዳይለውጥ የሚያግደው ፎሜፒዞል የሚባለው መድኃኒት በዓለም ጤና ድርጅት መሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አለ። እሱ ባልተገኘበት ሐኪሞች ኢታኖልን በልክ ይጠቀማሉ። ይህን ሰምታችሁ ቤት ውስጥ አረቄ ለልጅ እንዳትሰጡ፤ በሐኪም እጅ እየተለካ የሚሰጥ ነገር ነው። የክልሉ ጤና ቢሮ ግን ይህን መድኃኒት በዚህ ኮሪደር ላይ ባሉ ሆስፒታሎች ማኖር አለበት። አሲዱ ሥራውን ከጨረሰ በኋላ ቢሰጥ ብዙ አይጠቅምምና መድኃኒቱ ከልጁ ዘንድ መድረስ ያለበት በሰዓታት ውስጥ ነው።

ሕጉስ አለ ወይ? አለ። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 አደገኛ ኬሚካል የሚያመርትም የሚነግድም ሰው ኬሚካሉ መመዝገቡን፣ በአግባቡ መታሸጉንና መለያ መለጠፉን እንዲያረጋግጥ ያዛል። ሃያ ዓመት ያለፈው አዋጅ ነው። አዋጁ በርሜሉ ላይ ይሠራል፤ ሃይላንዱ ዘንድ ሲደርስ ማንም አያስታውሰውም። የንግድ ቢሮ ተቆጣጣሪ ሱቅ ሲገባ የሚያየው ፈቃድና ዋጋ ነው፤ አንድ ቀን እንኳ መደርደሪያው ላይ ምን በምን ጠርሙስ እንደተቀመጠ ቢያይ ምን ነበረበት? አስመጪዎችና የቀለም ፋብሪካዎችም መፍትሔ በእጃቸው አለ። ግማሽና አንድ ሊትር የሚይዝ፣ መልኩ ከውኃ ጠርሙስ የተለየ፣ ልጅ የማይከፍተው ክዳን ያለው፣ በአማርኛም በአፋርኛም የተጻፈበት የታሸገ ዕቃ ቢያወጡ ድሃው ቸርቻሪ ለምን ይገለብጣል? ኩላንት ውስጥ ደግሞ መራራ ነገር መጨመር ይቻላል። በ1958 እ.ኤ.አ. ስኮትላንድ ውስጥ የተገኘ ዴናቶኒየም የሚባል ቅመም አለ፤ በጣም ጥቂቱ ማንኛውንም ፈሳሽ እንዲተፋ የሚያደርግ ምሬት ይሰጣል። ሌላ አገር የሚጨምሩት ለልጆችና ለውሾች ብለው ነው። ለኛ ልጆችም ይጨመር።

ወደዚያች ጠረጴዛ ልመለስ። ከሰመራ ስመለስ እንደገና ቆምኩ። የቲነሩን ጠርሙስ ገዝቼ ወረቀቱን ላጥኩና በወፍራም ማርከር የራስ ቅል ሣልኩበት፤ ማንበብ የማይችልም እንዲያውቀው። «ሁሉንም እንዲህ ልሥራልዎት?» አልኳቸው። አሰብ አደረጉ። «ቲነሩንና ኩላንቱን ሥራልኝ። ቤንዚኑን ግን ተው ልጄ፤ ምልክት ካለው ፖሊስ ከሩቅ ያየዋል» አሉኝ። ያኔ የገባኝ፣ ስሙ የሚጠፋው በስንፍና ብቻ እንዳልሆነ ነው። ድብቅ ሽያጭ የሚደበቅ ዕቃ ይፈልጋል፤ የውኃ ጠርሙስ ደግሞ ማንም አይጠረጥረውም። ፖሊስ ያልጠረጠረውን ልጅ እንዴት ይጠርጥር? ቤንዚኑን ከጠረጴዛው አንስተው ከፍ ባለ ቦታ፣ ከልጁ እጅ አርቀው እንዲያኖሩት ለመንኳቸው፤ እሺ አሉኝ። እሺታቸውን ግን ሄጄ አላየሁትም።

የአፋር ሰው መንገድ ላይ ሲገናኝ ሰላም ተባብሎ ብቻ አያልፍም፤ ተቀምጦ ዳጉ ይለዋወጣል። የትኛው ጉድጓድ ደረቀ፣ ዝናብ የት ጣለ፣ ከብት የት ታመመ፣ መንገድ ላይ ምን ታየ። ዳጉ ላይ ያልተጣራ ወሬ መናገር ነውር ነው፤ የሰሙትን መደበቅም እንዲሁ። ጋዜጣ በማይደርስበት ሜዳ ሰውና ከብት ሲያድን የኖረ ሥርዓት ነው። ይህ ጽሑፍ ብዙ ቤት እንደማይደርስ አውቃለሁ፤ ዳጉ ግን ይደርሳል። ሾፌሮች ሎግያ ላይ ሻይ ስትጠጡ አንሡት። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ቤት ለቤት ስትሄዱ አንሡት። ኢማሞች ከሶላት በኋላ፣ ቄሶች ከቅዳሴ በኋላ አንሡት። መምህራን ልጆች የራስ ቅሉን ምልክት እንዲለዩ አስተምሩ፤ ከቤተሰቡ መጀመሪያ የሚያነበው ልጁ ነው።

እናንተ ደግሞ አንባቢዎቼ፣ ዛሬ ማታ ከመተኛታችሁ በፊት ተነሥታችሁ ከአልጋው ሥር፣ ከበሩ ጀርባ፣ ከጋቢናው ውስጥ፣ ከማብሰያው ጥግ ያለውን ሃይላንድ ሁሉ አውጥታችሁ እዩ። ውኃ ያልሆነውን ከውኃ ጠርሙስ ገልብጡ፤ የገለበጣችሁበትን ዕቃ ስሙን ጻፉበት፤ ባዶውን ሃይላንድ ማንም ውኃ እንዳይቀዳበት በቢላ ሰንጥቃችሁ ጣሉት።